ከውስጥ የተጠራ

ስንዱ ጠዋት ጠዋት የሰርቨር ክፍሉን በር በትከሻዋ ገፍታ ስትገባ፣ መብራት ከማብራቷ በፊት ትንሽ ቆማ ማዳመጥ ልማዷ ነው። በሆስፒታሉ ስድስት ዓመት ስትሠራ ይህች መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል የምታወጣውን ድምፅ ሁሉ ለይታ አውቃለች፤ በስተቀኝ ያለው ትልቁ ማራገቢያ ያጉረመርማል፣ የማቀዝቀዣው ውሃ ከሥሩ ባስቀመጠችው ባልዲ ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል፣ መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት ማሽኖች ደግሞ ጆሮ ካልሰጡት የማይሰማ ቀጭን ፉጨት ያፏጫሉ። አንዱ ቢጎድል ስክሪኑን ሳታይ ታውቀዋለች። የዚያን ዕለት ማክሰኞ ሁሉም በቦታቸው ነበሩ፤ ክፍሉም እንደወትሮው የሞቀ አቧራና የፕላስቲክ ሽታ ይሸታል። ወንበሯን ስባ ተቀመጠች፣ የይለፍ ቃሏን አስገባች፣ ከዚያ ጥርሷን ነክሳ ሥራ ጀመረች።

ጥርሷን ያስነከሳት ወንድሟ ነው። ይርጋ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከእሷ ክፍል መቶ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል በመተንፈሻ ማሽን ተኝቷል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከሚሠራበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የቆመበት አጣና ተሰብሮ ወደቀ። ጭንቅላቱ በሲቲ ስካን ተነሥቷል። የሆስፒታሉ ቀዶ ሐኪም ግን ሆድና አጥንት እንጂ ጭንቅላት ከፍቶ አያውቅም፤ ዋና ከተማ ያለው ስፔሻሊስት ምስሉን አይቶ በስልክ ካልመራው እጁን እንደማያነሳ ተናግሯል። ስፔሻሊስቱ በበኩሉ «ከስምንት ሰዓት በፊት ላኩልኝ፤ በስምንት እኔ ራሴ ቀዶ ጥገና እገባለሁ፣ ከገባሁ እስከ ማታ አታገኙኝም» ብሏል። በመኪና እንዳይወስዱት መንገዱ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል፣ ይርጋ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት የለውም። ስንዱ ስክሪኑን በስልኳ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ብትልክለት፣ ሰውየው በፎቶ ጭንቅላት እንደማይከፈት፣ ስድስት መቶውን ዋናውን ምስል እንደሚፈልግ መለሰላት፤ ያን ሁሉ ደግሞ የስልኳ ኢንተርኔት አይችለውም። ስለዚህ የይርጋ ነፍስ በአንድ የፋይል መላኪያ መስመር ላይ ተንጠልጥላለች፤ የመስመሩ ባለሙያ ደግሞ እህቱ ናት።

መስመሩ ጨርሶ ዝግ ቢሆን ይህን ያህል ባልተናደደች። ነገሩ ግን እንዲህ ነበር፤ የዋና ከተማውን ሰርቨር ስትጠራው ወዲያው ይመልሳል፣ እንኳን ደህና መጡ ይላል፣ ስሟን ይጠይቃል፣ የይለፍ ቃሏን ይቀበላል፤ በቃ፣ ፋይሉን እንካ ስትለው ግን ጭጭ ይላል። አንድ ደቂቃ ሙሉ ዝም ብሎ ያስጠብቃትና ይዘጋባታል። በር ላይ ቆሞ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ልጆች እንዴት ናቸው እያለ ግቡ የማይል ሰው ይመስላል። አሥራ አንድ ጊዜ ሞከረች፤ አሥራ አንድ ጊዜ ሰላምታ ተቀብላ ተመለሰች።

ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ለዋና ከተማው የኔትወርክ ኃላፊ ለአቶ ልዑልሰገድ ደወለች።

«በእኛ በኩል ችግር የለም» አለ፣ ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ።

ይህን አነጋገር የማያውቅ የለም። አንዱ ቢሮ ብትሄድ ሲስተም የለም ይሉሃል፤ ሲስተሙ አለበት የተባለው ቢሮ ብትደውል በእኛ በኩል ችግር የለም ይሉሃል፤ ችግሩ የማንም ሳይሆን መሐል ላይ ቀርቶ ሰው ይበላል። ስንዱ ራሷ ይህንኑ ለስንቱ ብላለች። ዛሬ በራሷ ላይ ተባለባት።

«አቶ ልዑልሰገድ፣ ሰው ሊሞትብኝ ነው። ፋይሉ እናንተ በር ላይ ደርሶ ነው የሚቆመው።»

«ተረጋጊ እህቴ። ፋየርዎል ማለት ዘበኛ ማለት ነው። አንቺ የእኛን ማሽን ስትጠሪው ወሬው በአንድ በር ያልፋል። ዕቃው የሚያልፍበትን ሁለተኛ በር ለመክፈት ደግሞ የእኛ ማሽን ነው መልሶ እናንተን የሚያንኳኳው። የእናንተ ዘበኛ ከውስጥ የተጠራ ካልሆነ አላስገባም ይላል። ሥራው ነው፣ ምን ይደረግ?»

«ይህን አውቃለሁ» አለች። ትምህርት ቤት የተማረችውን ሊያስተምራት መሞከሩ አንገበገባት። «የእኛን ዘበኛ ማየት እንጂ መለወጥ አልተፈቀደልኝም። እናንተ ጋ አሥር በር ይክፈቱልኝና ሁለቱንም ጊዜ የምጠራው እኔ ልሁን። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።»

«እሱማ ይቻላል። በደብዳቤ ጠይቁን።»

«በምን?»

«በደብዳቤ፣ ማኅተም ያለበት። የደኅንነት መመሪያ ነው፣ እኔ አላወጣሁትም።»

ወንድሜ ነው አለችው። እግዚአብሔር ይማረው ብሎ ደብዳቤውን እንደሚጠብቅ ነገራት።

ስንዱ ደብዳቤውን ራሷ ጽፋ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሮጠች። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው። ማኅተሙ በጸሐፊዋ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፏል፣ ጸሐፊዋ ለቅሶ ሄዳለች፣ ቁልፉም ከእሷ ጋር ለቅሶ ሄዷል። መሳቢያውን በእግሯ ነረተችው፣ አልከፈት አለ። በዚህ አገር ሰው የሚሞተው በበሽታ ይመስለዋል እያለች፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ወደ ክፍሏ ተመለሰች፤ በሩን ገፍታ ስትገባም አንድ ነገር እንደጎደለ ጆሮዋ ነገራት። ባልዲው ውስጥ የሚንጠባጠበው ውሃ ቆሟል። ማቀዝቀዣው እየሠራ ነው፣ ቱቦውም እርጥብ ነው፣ ውሃው ግን አይወርድም። ጊዜም አልነበራት፣ ትታው ተቀመጠች።

የእነሱን ዘበኛ ማሳመን ካልቻለች የራሷን ዘበኛ ትመረምራለች። ፋየርዎሉ ከደጅ የመለሰውን ሁሉ ስሙንና ሰዓቱን መዝግቦ ያስቀምጣል፤ መዝገቡን ከፈተች። እንደጠበቀችው የዋና ከተማው አድራሻ አሥራ አንድ ጊዜ ተመልሷል። ያልጠበቀችው ግን በእነዚያ መሐል ያለው ነው። በሺህ የሚቆጠር ሌላ መስመር አለ፣ ሁሉም ከአንድ አድራሻ፣ አድራሻውም ዜሮ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዜሮ ብቻ። እንዲህ ያለ አድራሻ የማንም አይደለም፤ ገና ቦታ ያልተሰጠው ማሽን ቦታ እስኪያገኝ የሚይዘው ምልክት ነው። ይኸው ቦታ የለሽ በየአራት ሴኮንዱ አንድ በር ያንኳኳል፣ ሲመለስ ወደሚቀጥለው በር ያልፋል፣ አንድም ሳይዘል፣ አንድም ሳይደግም፣ በር በበር እየዞረ። የመጀመሪያውን መስመር ፈለገችው። ትናንት ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሃያ ሁለት ነው። የይርጋን ምስል ከፍታ ሰዓቱን አየች፤ እሱም አሥር ሰዓት ከሃያ ሁለት።

የአጋጣሚ ነገር ነው ብላ አለፈችው፣ ወይም ያለፈችው መሰላት። ዓይኗ ግን ከስክሪኑ ተነሥቶ መደርደሪያው ላይ አረፈ። ኬብሎቹ ከሚሰኩባቸው ጉድጓዶች በላይ ያሉት ትንንሽ አረንጓዴ መብራቶች እንደልማዳቸው ይርገበገባሉ፤ ከታችኛው ረድፍ መጨረሻ ላይ ያለው ግን ብቻውን ነው፣ በርቶ ይጠፋል፣ አራት ሴኮንድ ይቆያል፣ በርቶ ይጠፋል። ተነሥታ ቀረብ አለች። ጉድጓዱ ውስጥ ምንም ኬብል አልተሰካም። ጣቷን አስገብታ ነካችው፣ ቀዝቃዛ ነበር፤ ከውስጡም ደግሞ በዚያ ክፍል ሸትቶ የማያውቅ ሽታ ይወጣል፣ ዝናብ ያገኘው ሳይሆን ገና አሁን ከጥልቅ ተቆፍሮ የወጣ አፈር ሽታ። ጣቷን በቀሚሷ ጠረገችና ስልኩን አነሳች።

በዚህ ጊዜ አቶም እርስዎም ቀርቷል።

«ስማ፣ ማሽኔን ማን ነው የሚነካካው? ደብዳቤ አምጪ እያልክ በጓሮ በሮቼን ታስቆጥራለህ?»

«ከእኛ ማንም አልነካም» አለ ልዑልሰገድ። አንተ መባሉ ከንክኖት ድምፁ ጠጠረ። «አድራሻው ስንት ነው የሚለው?»

«ዜሮ። ሁሉም ዜሮ።»

ከወዲያ የወረቀት ድምፅ ይሰማ ነበር፣ ቆመ።

«ከውስጥ ነው ከውጭ?»

«ከውጭ።»

«ዜሮ ከውጭ ሊመጣ አይችልም። መንገድ የለውም፣ የትም ሳይደርስ ይወድቃል» አለ፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ቢሮ ሳይሆን እንደ ሰው ተናገረ። «ስንዱ፣ እሱን ተይው። ዘበኛሽ እየመለሰው ነው፣ ይመልሰው። ብቻ ምንም ብትናደጂ፣ ማን ነው ብለሽ መልሰሽ እንዳትጠሪው። አንዴ ከውስጥ ከጠራሽው ዘበኛው የሚከለክልበት ነገር የለውም።»

«በሩን ክፈትልኝ። ሌላ ነገር አልፈልግም።»

«ደብዳቤውን ላኪ፣ እዚሁ ነኝ» አለና ዘጋው።

ስንዱ መነጋገሪያውን አስቀመጠች። አራት ሴኮንድ። መብራቱ በርቶ ጠፋ። ማራገቢያው ማጉረምረሙን ትቶ መተንፈስ የጀመረ መሰላት፤ ወደ ውስጥ ረዘም አድርጎ ይስባል፣ ያቆያል፣ ያስወጣል። ዞራ አየችው፣ ክንፎቹ እኩል ይሽከረከራሉ፣ ድምፁ ግን ከሽክርክሪቱ ጋር አይገጥምም። የአፈሩ ሽታ ከጉድጓዱ ወጥቶ ክፍሉን ሞልቶታል።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሲስተር ፋናዬ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ደወለች።

«ስንድዬ፣ ምስሉስ?»

«እየሄደ ነው» አለች ስንዱ። ዋሸች።

«ፍጠኚ የኔ እመቤት። አንዱ የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ቀርቷል፣ መብራት ሳሳየው አይጠብም። ዶክተሩ ዕቃውን አዘጋጅቶ አንቺን ነው የሚጠብቀው። ደግሞ ይኼ ማሽን ምን እንደነካው አላውቅም፣ በየአራት ሴኮንዱ ጢው ይላል። ሌላም ቀየርኩለት፣ ያው ነው።»

ስንዱ ስልኩን ዘጋች። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ደወለች፣ ስብሰባው አላለቀም። ጸሐፊዋ ጋ ደወለች፣ ስልኩ ተዘግቷል። ወደ ዋና ከተማው ለአሥራ ሁለተኛ ጊዜ ሞከረች፤ እንኳን ደህና መጡ ተባለች፣ ጭጭ ተባለች። በዚህ መሐል ሰባት ሰዓት አለፈ። ዓይኗን ወደ መዝገቡ ስትመልስ ቁጥሮቹ ቆመዋል። ያ ቦታ የለሽ በር መዞሩን ትቷል። አንድ በር ላይ ቆሟል፣ እዚያው ቆሞ ያንኳኳል፣ ያም ከውጭ የሚመጣ ሰው ስሙን የሚናገርበት በር ነው። ስም ሰጥቷል። መዝገቡ ላይ ከዜሮው ፊት ለፊት ተጽፏል፤ ስንዱ። አራት ሴኮንድ ቆይቶ፤ ስንዱ። አራት ሴኮንድ ቆይቶ፤ ስንዱ።

በስሟ የተከፈተ ምንም ነገር በዚያ ማሽን ላይ የለም። ሁሉም በክፍል ስም ነው።

ባደገችበት አገር፣ ከውጭ ስምህ ተጠርቶ የጠራህን ካላየኸው ዝም ትላለህ። እናቷ ጎድጓዳ ሳህን እያጠበች ቢሆንም እጇን ከውሃው ታወጣና ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች፤ ልጆቹም ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ሁለተኛ እስኪጠሩ፣ ሦስተኛ እስኪጠሩ፣ ካልታየም ጨርሶ አቤት አይባልም። ስንዱ ይህን አስታወሰች። አንድ ልቧ ተነሥተሽ ውጪ፣ በሩን ዝጊና ሂጂ ይላታል። ወጥታ ብትሄድ የሚደርስባት ነገር አልነበረም። ግን ሰዓቱን አየች፣ ሰባት ከሃያ አምስት ይላል፤ ፍርሃቷም ወዲያው ወደ ንዴት ተለወጠ። ወንድሟ በሚሞትበት ሰዓት በስሟ የሚጫወት አለ። መሳቢያውን የቆለፈው፣ ደብዳቤ ያለው፣ ችግር የለም ያለው፣ አጣናውን ሳያጠብቅ ሰው ያወጣው ሁሉ በዚያ ዜሮ ውስጥ ተሰብስቦ የሚያፌዝባት መሰላት።

«ማን ነህ አንተ?» አለች ጮክ ብላ፣ ባዶው ክፍል ውስጥ። «ና እስቲ ፊት ለፊት።»

እጇም ከአፏ እኩል ሠራ። ባለሙያ ነችና፣ በር ላይ ያለውን ለማወቅ የሚደረገውን አደረገች፤ ዜሮውን አድራሻ ጻፈችና ከውስጥ ወደ ውጭ ጠራችው።

እንዲህ ያለ አድራሻ የለም የሚል መልስ መምጣት ነበረበት። በስድስት ዓመት ሥራዋ ሌላ መልስ አይታ አታውቅም። ስክሪኑ ግን ትንሽ ጠቆረ፣ ተመልሶ ነጣ፣ ከዚያ መስመሩ መከፈቱን ነገራት። ያለ ስም፣ ያለ ሰላምታ፣ አንዲት ጠቋሚ ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም እያለች። የዘበኛው መዝገብ ወዲያው መሮጥ ጀመረ። ተመልሷል፣ ተመልሷል ይል የነበረው ቀርቶ፣ ተፈቅዷል፣ ከውስጥ የተጠራ ነው ይላል፤ ተፈቅዷል፣ ተፈቅዷል፣ ተፈቅዷል፣ ዓይን ሊከተለው በማይችል ፍጥነት፣ ስክሪኑን ሞልቶ እየፈሰሰ። ኬብል የሌለው ጉድጓድ መብራት በርቶ ቀረ። አየሩ በአጠገቧ አለፈ፣ በጠባብ በር ብዙ ሰው ተጋፍቶ ሲያልፍ እንደሚሆነው ልብሷን ጎነተላት፤ ከጀርባዋ ያለው የክፍሉ በርም ማንም ሳይነካው ተከፈተ።

በስክሪኑ ሌላኛው መስኮት ላይ የይርጋ ምስሎች መሄድ ጀምረዋል። አንድ፣ አሥር፣ ሰባ፣ ሁለት መቶ። ማን እንደከፈተላት፣ በየትኛው በር እንደሚሄዱ አልጠየቀችም። ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ቁጥሩን ብቻ አየች። አራት መቶ። አምስት መቶ ሠላሳ። ስድስት መቶ። ተጠናቋል ይላል፣ ሰዓቱ ሰባት ከሠላሳ ስምንት። ስንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፣ ከዚያ አንዱ ነጠላ ጫማዋ ከእግሯ ወልቆ ቀርቶ ሮጠች።

ግቢው ውስጥ የቀትር ፀሐይ ነበር። አስታማሚዎች ሣር ላይ ምሳ ዕቃ ከፍተው ተቀምጠዋል፣ አንዳንዶቹ ግን ጉርሻቸውን እጃቸው ላይ እንደያዙ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል አቅጣጫ ዞረው ዝም ብለዋል። ሲስተር ፋናዬ በሩ ላይ ቆማለች፣ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ።

«ተነሣ» አለች። «ቱቦውን በገዛ እጁ አወጣው። ስንድዬ፣ እኔ አልነካሁትም።»

ይርጋ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ሁለቱም ዓይኖቹ ተከፍተዋል፣ ፋሻው ከጭንቅላቱ ላይ ትንሽ ተንሸራቷል፣ ፊቱ የተረጋጋ ነው። ስንዱ አልጠየቀችም፣ አልጠረጠረችም፤ አልጋው ላይ ወጥታ አቀፈችው፣ አንገቱ ውስጥ ገብታ አለቀሰች፣ አንተ ቀውስ፣ ገደልከኝ እኮ፣ ገደልከኝ እያለች። እሱም እጁን አንሥቶ ጀርባዋን መታ መታ አደረገላት። መዳፉ ከባድና ቀዝቃዛ ነው። አንዴ ይመታና ይቆያል፣ ይቆያል፣ ከዚያ ደግሞ አንዴ ይመታል።

ኪሷ ውስጥ ያለው ስልክ ጠራ። ስፔሻሊስቱ ነው።

«ስድስት መቶውም ደርሶኛል፣ በጣም ጥሩ ጥራት አለው» አለ። «እህቴ፣ ለሐኪሙ ልነግር ነበር፣ ስልኩን አላነሳ አለኝ። በጣም አዝናለሁ። ደሙ ግንደ አንጎሉን ጨፍልቆታል። ይህ ምስል ሲነሣ ልጁ አልነበረም፤ ከዚያ ወዲህ የሚተነፍስለት ማሽኑ ነው እንጂ እሱ ትናንት ነው ያረፈው።»

«የሌላ ሰው ምስል ነው ያየኸው» አለች ስንዱ። ንዴቷ ተመልሶ ሲመጣ ደስ አላት፣ የምታውቀው ነገር ነበርና። «አቅፎኝ ተቀምጧል እኮ። እየሰማህ ነው? አቅፎኝ ተቀምጧል።»

ሐኪሙ ስሙን አነበበላት። ዕድሜውን፣ ቀኑን፣ አሥር ሰዓት ከሃያ ሁለት የሚለውን ሰዓት። ከዚያ «አጠገብሽ ሌላ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቃት፣ እንደሚያጽናና ሰው ለስለስ ብሎ።

ስንዱ ስልኩን ከጆሮዋ አወረደች። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሌሎች ማሽኖች አንድ በአንድ ጩኸታቸውን እያቆሙ ነው፤ ከየአልጋው የአንሶላ መንሸራተት ይሰማል፣ ሰው ቀስ ብሎ ሲቀመጥ የሚሰማው ዓይነት። ወደኋላ ማለት ፈለገች፣ ጀርባዋ ላይ ያለው መዳፍ ግን አልተነሣም።

«ይርጋ?» አለች።

«እሱማ ቦታውን ለቀቀልን» አላት፣ በገዛ ወንድሟ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ።